እዚያ ሱቅ የለም

በላሙ የባሕር ጠረፍ የሚኖር ቤተሰብ ጀልባ ሊያጣ ይችላል፤ አሰናጂ ግን አያጣም። አሰናጂ ማለት ሌላው ስለ መሄዱ ሲያስብ ሊረሳ ስለሚችለው ነገር የሚያስብ ሰው ነው። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ ደግማችሁ ፈልጉ። አሁንም ካጣችሁት እናንተው ናችሁ።

የእኛ ቤት አሰናጂ የእናቴ ታላቅ እህት፣ የተከበሩ ቢ ቲማ ናቸው። በየዓመቱ ነፋሱ ፋታ ሲሰጥ፣ ዓሣ አጥምደን በጨው ልናደርቅ ሰው ወደማይኖርባት ትንሽ ደሴት እንሻገራለን። እዚያ ያለው አሸዋ፣ ጥቂት ዘንባባና የአምናዋ ጎጆ ብቻ ነው። የሚጠጣ ውኃ እንኳ ከቤት ይሄዳል። ይህ ለእኛ መከራ ነው፤ ለቢ ቲማ ግን ሹመት ነው። ገና ነፋሱ ሳይበርድ ጓዙ በረንዳውን ይሞላውና እኛ በጓሮ መውጣት እንጀምራለን። ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «እዚያ ሱቅ የለም።»

አንድ ዓመት ለአይጥ ብለው ድመት አሳፈሩ። ድመቷ አይጦቹን ትታ ዓሣችንን በላች። በተከታዩ ዓመት ድመቷን አልተዉም፤ የምትታሰርበት ገመድ ጨመሩ እንጂ። ሌላ ጊዜ በዚያ ሙቀት ወፍራም ብርድ ልብስ ጭነው ሳቅንባቸው። ወንድሜን ሻሊን ወባ ሲያንቀጠቅጠው ሳቃችን ቆመ።

ካቻምና ደግሞ በር አመጡ፤ ከነማጠፊያው። ጎጆዋ እኮ ግድግዳ የላትም ብላቸው፣ «በር ካለ ግድግዳ አይጠፋም» አሉኝ። በሩ በየዓመቱ አብሮን ቢመላለስም እስከ ዛሬ ግድግዳ አላገኘም። ዓሣ እናሰጣበታለን፣ እንበላበታለን፤ የደከመው ይተኛበታል።

ዘንድሮ ነገሩ ከረረ። የባሕሩ ውኃ ከዳር ሳይሸሽ ልንነሳ ስንል የጀልባችን መሪ ላሊ ጎኗን ጎንበስ ብሎ አየ። ውኃው የጭነቱን ምልክት አልፎ ነበር።

«ቢ ቲማ፣ ወይ በሩ ይውረድ፣ ወይ ሰው ይውረድ» አለ።

ቢ ቲማ በሩን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ራሳቸው ወረዱ። ብንለምናቸው፣ ላሊ ደንግጦ በሩን በትከሻው ቢያነሳ፣ ወይ ፍንክች። እሳቸው አንዴ ከወረዱ ወረዱ ነው፤ የተረሳ ነገር ካልተገኘ በቀር የሚመልሳቸው የለም።

ደሴቷ ላይ የጎደለን ነገር አልነበረም። ክብሪቱ እርጥበት እንዳያገኘው ተጠቅልሏል፣ መርፌው ከነክሩ ነው። ሩዙ ግን አልጣመንም። እጃችሁን ታጠቡ የሚለን የለም፣ ውኃ አታባክኑ የሚለንም የለም። ሻሊ ዓሣ እየዘነጠለ፣ ዘንድሮ ደሴቷ ታማለች እንዴ አለ። እኔ ቢ ቲማ ናፍቀውኝ ነበር። በግማሽ ቀን ይናፍቁኛል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

ላሊ በማግስቱ ተጨማሪ ውኃ ሊያመጣ ይመለሳል። ስለዚህ ቢ ቲማ የረሱትን አንድ ነገር መፈለግ ያዝኩ። ጓዙን ከላይ እስከ ታች በረበርኩት፤ የተረሳ የለም። ቸገረኝ። በመጨረሻ የጨዉን ከረጢት ተሸክሜ ወረድኩና ባሕር ውስጥ ገለበጥኩት። ያለ ጨው ዓሣው ሁሉ ይበሰብሳል፤ የዓመቱ ድካማችን ገደል ገባ ማለት ነው። አሁን እሳቸው እምቢ ካሉ ደግሞ ሻሊ እኔኑ ያደርቀኛል።

ከላሊ ጋር ተሻግሬ ስደርስ ቢ ቲማ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ጨው ረስተዋል» አልኳቸው ኮስተር ብዬ።

«እኔ?»

«አዎ፣ እርስዎ።»

«የት ደፋኸው?»

«ባሕር ውስጥ።»

«ባሕሩ ጨው አንሶት ነው?»

ይህን ብለው ተነሱ። የተቀመጡበትን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ አፉ የተሰፋ፣ ሙሉ የጨው ከረጢት። አጠገቡ የመኝታ ምንጣፋቸው ተጠቅልሎና በገመድ ታስሮ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

«ምን ይገትርሃል? አንሳው እንጂ» አሉኝ። «እኔማ ትናንት ማታውኑ ትመጣላችሁ ብዬ ነበር።»