ቆቦ ላይ ያረፈችው ነጥብ

ሰው ሁሉ ከቤተሰቡ የሚደብቀው ነገር አለው። አንዷ ከባሏ የሸሸገችው አዲስ ጫማ ይኖራታል። አንዱ ጫት መቃሙን ከእናቱ ይደብቃል፤ እናቱ ደግሞ ማወቋን ትደብቀዋለች። እኔ ለዓመታት የደበቅሁት ጉንዳን ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። እናንተ ፊት ማፈር አማቶቼ ፊት ከማፈር ይቀላል።

ከደሴ ተመድቤ ቆቦ የመጣሁ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ እዚሁ አግብቼ ቀረሁ። በአማቶቼ ጓሮ፣ ከቁልቋል አጥሩ ሥር፣ የወደቀ የግራር ግንድ አለ። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ቤቱ በሙቀት ሲታፈን፣ ግንዱ ላይ እቀመጣለሁ። ነፋስ የምቀበል ይመስላል። እኔ ግን ዓይኔ ግንዱ ውስጥ ከሚኖሩት አናጢ ጉንዳኖች ላይ ነው።

ምስጥ እንዳይመስሏችሁ። ምስጥ እንጨት ይበላል፤ እነዚህ የሞተውን እንጨት ቦርቡረው ክፍልና መተላለፊያ ያበጁበታል፣ ብናኙንም ጠርገው ደጅ ይጥላሉ። ከአንድ እናት ተወልደው አንዷ ቀጭን፣ ሌላዋ ራሷ ሰውነቷን የሚያስንቅ ትሆናለች። መልክ ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው እህትማማቾቹን ሁለት ዝርያ ይላቸዋል። አንድ መሆናቸውን የሚያውቅ ቤታቸው የገባ ነው።

የእኔ ጉንዳን የሚገኝበትን የሚያሳይ ካርታ አይቻለሁ። ከታች አዋሽ በረሃ ላይ ነጥብ፣ ከላይ ቀይ ባሕር ዳር ነጥብ፤ መሃሉ ባዶ። ከሮቢት እስከ ዋጃ በየግራሩ ሲርመሰመሱ በዓይኔ እያየሁ፣ ካርታው ራያ ላይ የሉም ይላል። ደሜ ፈላ። ካርታውን ለሚያዘጋጁት፣ ዩኒቨርሲቲ ላስተማሩኝ መምህር፣ ጥቂት ጉንዳን ላክሁላቸው። "ቀጫጭኖቹን የሚመስል ብዙ ዝርያ አለ። ከዚያው ጎጆ ባለ ትልቅ ራሶቹን ካላየሁ ነጥብ አላስቀምጥም" አሉኝ።

ባለ ትልቅ ራሶቹ ደግሞ ከግንዱ ልብ አይወጡም። ግንዱን ማስፈለጥ ሊኖርብኝ ነው። እኔ እኮ አማቶቼ ፊት ጨው አቀብሉኝ ማለት የማፍር ሰው ነኝ፤ ለጉንዳን ብዬ መጥረቢያ አንሡልኝ ልበል? ሳልጠይቅ ከረምሁ።

የባሌ እህት ሠርግ ደረሰ። ሠርግ ማለት ማገዶ ነው። አንድ ጠዋት የባሌ አጎት አያ ሰይድ ከጎረቤት ወንዶች ጋር ወደ ጓሮ ሲያልፉ አየሁ፤ በአንድ እጃቸው መጥረቢያ፣ በሌላው የናፍጣ ጀሪካን። "ምስጥ ወሮታል፤ መጀመሪያ ላርከፍክፍበት" አሉ። ነጥቤ ከነጎጆዋ ልትቃጠል ነው። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ከአፌ ወጣ።

"አያ ሰይድ፣ በአላህ፣ ናፍጣውን ይተዉት።"

"ምነው ልጄ፣ ወርቅ ቀብረሽበታል?"

"ጉንዳን አለበት።"

"ናፍጣ ያመጣሁት ለሱው አይደል?"

ወንዶቹ ሳቁ። እኔ ነጠላዬን እየጎተትሁ ሁሉንም ዘረገፍሁት፤ እህትማማቾቹን፣ መምህሬን፣ ካርታውን። ራያ ባዶ ነው የሚለው ላይ ስደርስ ሳቁ ቆመ።

"ማነው ራያ የለም ያለ?" አሉ አያ ሰይድ።

"ካርታው።"

"አዋሽ ግን አለ?"

"አዋሽ አለ።"

ጀሪካኑን በእግራቸው ወደ ጎን ገፉት። "ከየት በኩል ነው የምፈልጠው? አሳዪኝ።"

ጫፉን ብቻ፣ ቀስ ብለው ሰነጠቁት። ባለ ትልቅ ራሶቹ ተግተልትለው ወጡ። "ራሷን አያችሁ? ይቺማ አያ ሰይድን ነው የመሰለች" አለ አንዱ ጎረቤት። ሰብስቤ ወደ ጠርሙሴ ስከት አንዷ አውራ ጣቴን ነከሰችኝ። ኮራሁባት። የቀረውን ግንድ ወንዶቹ ራሳቸው ተሸክመው ወደ ቁልቋሉ ጥላ መለሱት።

አማቴ ወይዘሮ ዘሃራ ጫጫታውን ሰምተው መጥተው ቆመው ያዩ ነበር። ሰው ሲበተን ጠጋ አሉኝ።

"እኔ እኮ አገሯ ናፍቋት እዚህ እየተቀመጠች ታለቅሳለች ብዬ ነው ይሄን ግንድ ለማንም ያላስነካሁት። በየረመዳኑ ማገዶ ስገዛ ሰው ሁሉ ምን ነካት ይለኝ ነበር። ዛሬ ሳልሰማ ነው የገቡብሽ።"

"ኧረ እማ፣ ለጉንዳኖቹ ነው የምቀመጠው።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ ከትከሻቸው አንድ ነገር የወረደላቸው መሰሉ።

ጠርሙሱን ለመምህሬ ላክሁ፤ ነጥቧ ተቀመጠች። ካርታው ላይ ዝንብ ያረፈችበት ነው የምትመስለው፤ ግን ቆቦ ናት። አማቴ ገበያ ለሚያገኙት ሁሉ "የምራቴ ጉንዳኖች" እያሉ ያወራሉ። ግንዱ ላይም ማንም እንዳይቀመጥ ከልክለዋል፣ እኔንም ጨምሮ። "ትጫኛቸዋለሽ" አሉኝ።

የቀረውን ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ፤ ለአማቴ እንዳታደርሱብኝ። አግብቼ እዚህ ቤት በገባሁ ሰሞን ጉንዳን መኖሩንም አላውቅም ነበር። አንገቴን ደፍቼ ተቀምጬ፣ ከዓይኔ ግንዱ ላይ የወደቀውን ጠብታ አንዲት ቀጭን ጉንዳን ዞራው ስታልፍ ነው ያየኋት።