ኮምፒውተሬን ዝም ያሰኘሁ ለት

ፀጥታ የሚወድ ሰው አዳማ ውስጥ ምን ይሠራል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ትዳር ነው ያመጣኝ ከማለት ሌላ መልስ የለኝም። እዚህ ባጃጁ ጥሩምባ አለው፣ ሱቁ ስፒከር አለው፤ ሙቀቱ ራሱ ድምፅ አለው። እንዴት ቢሉ፣ ሙቀት ባለበት ሁሉ ቬንትሌተር አለ። በሚያዝያ ሰው ቤት በእንግድነት ብትሄዱ ገና ሳትቀመጡ የቬንትሌተሩን ፊት ወደ እናንተ ያዞሩላችኋል፤ ይህ ትልቅ አክብሮት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጨዋታው ሁሉ በጩኸት ይሆናል። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ቤተሰቡ የተጣላ ይመስለዋል፤ ስለ ልጆች ትምህርት ነው የምናወራው።

የእኔ እንጀራ ደግሞ ፀጥታ ይፈልጋል። ድምፄን ነው የምሸጠው። ማስታወቂያ አነባለሁ፣ ትምህርት አነባለሁ፤ ስልክ ደውላችሁ «እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ» ያላችሁና እናንተም በልባችሁ የሰደባችሁት ሰው ምናልባት እኔ ልሆን እችላለሁ። አልቀየምኩም።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት በመቂና በዓለም ጤና በኩል ላሉ ሽንኩርት አምራቾች የሚሆን የድምፅ ትምህርት የሚያነብ ሰው ፈለገ። የዓመት ሥራ ነው። ናሙና ላክሁ። መልሱ አጭር ነበር፤ «ድምፅህ ሸጋ ነው፤ ግን ከጀርባህ ወፍጮ ቤት አለ እንዴ?» እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ሦስት ትምህርት አንብቤ፣ ያለ ወፍጮ ቤቱ እንድልክ ዕድል ሰጡኝ።

ወፍጮ ቤቱ ኮምፒውተሬ ነበር። ድምፅ የምቀዳውም የማስተካክለውም በእሱ ስለሆነ ከማይክሮፎኑ መለየት አይቻልም፤ ውስጡ ያሉት ትንንሽ ፋኖች ደግሞ በአዳማ ሙቀት ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ላይ ናቸው። ስለዚህ ሐዋሳ ያለ አንድ ወዳጄ ያስቀመጠውን የውሃ ማቀዝቀዣ ለመንሁና አመጣሁ። ነገሩ ቀላል ነው። ውሃ በቀጭን ቱቦ እየዞረ የኮምፒውተሩን ትኩሳት ይወስዳል፣ ሦስት ትልልቅ ፋኖች ውሃውን ያበርዱታል፣ አንዲት አምስት ገመድ የምትቀበል ጥቁር ሣጥን ደግሞ የውሃውን ሙቀት እየለካች ፋኖቹን «ዝም በሉ» ወይም «ሩጡ» ትላቸዋለች። ይህችን ሣጥን አለቃ ብዬ ሰየምኳት።

ረቡዕ ጠዋት በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ከጋራዥ የገዛሁትን የባትሪ ውሃ በቱቦው ስሞላ (የቧንቧችን ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ምን እንደሚጋግር ስለማውቅ) አከራያችን ጋሽ ቶሎሳ መጡ። ዕድሜያቸውን በጅቡቲ መንገድ ላይ በከባድ መኪና የጨረሱ ሰው ናቸው።

«አካም ቡልቴ» አሉ፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። ከዚያ ጎንበስ ብለው አዩ። «ይሄ ራዲያተር ነው።»

«ነው፣ ጋሽ ቶሎሳ።»

«ኮምፒውተር ነው አላልክም?»

«የኮምፒውተር ራዲያተር ነው።»

ሄደው በርጩማቸውን ይዘው ተመለሱ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሥራው የእኔ መሆኑ ቀረ።

አብርተን ሳንጨርስ ፋኖቹ ከበፊቱ ብሰው ጮኹ። ነገሩን ብመረምረው፣ ፋብሪካው አለቃን ሲያሰናዳት «ውሃው ሠላሳ ዲግሪ ካለፈ አደጋ ነው» ብሎ ነግሯታል። እሱ አገር ምናልባት ልክ ነው። እዚህ በሚያዝያ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃም ወደዚያው ነው። ኮምፒውተሬ ሥራ ሳይጀምር የተቃጠለ መስሎት ነው እሪ የሚለው።

ጋሽ ቶሎሳ የመጀመሪያ ምክራቸው ሙቀት የሚለካውን ሽቦ ንቀለው የሚል ነበር፤ የመኪናቸውን ሙቀት ተቆጣጣሪ፣ ቴርሞስታቱን፣ ገና በወጣትነታቸው ነቅለው ጥለው ያለ እሱ ኖረዋልና። በትሕትና እምቢ አልኩ። ሁለተኛው ምክራቸው ግን ወርቅ ነበር።

«ወደ አዋሽ ስትወርድ ውሃው ሁሌም ትኩስ ነው» አሉ። «ትኩስ ነው ብለህ መኪና አታቆምም። የምታቆመው የሙቀቱ መርፌ ከለመደበት ሲያልፍ ነው።»

እንዳሉት አደረግሁ። ውሃው አርባ ዲግሪ እስኪደርስ ፋኖቹ ቀስ ብለው እንዲዞሩ፣ ከዚያ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ እንዲጨምሩ፣ ሃምሳ ሲቃረብ ብቻ እንዲሮጡ አለቃን አስተማርኳት። ኮምፒውተሩ ጭጭ አለ።

«ጠፋ?» አሉ ጋሽ ቶሎሳ።

«በርቷል።»

አላመኑኝም። ቱቦውን በጣታቸው ነክተው ለብ ማለቱን ሲያውቁ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እንግዲህ ደስታዬን አስቡት። ከሰዓት በኋላ በሩን ዘግቼ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጥሁና «ውድ ሽንኩርት አምራቾች» አልኩ። በሩ ተንኳኳ። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት እትዬ ዘይነባ የጋዝ ሲሊንደር እንዳነሳላቸው ፈልገው ነው። አነሳሁ። «ውድ ሽንኩርት አምራቾች።» ተንኳኳ። ጋሽ ቶሎሳ ናቸው፤ ስልካቸው ድምፅ እምቢ ብሏል። ሐሙስም እንዲሁ። ሰላም ሊሉኝ ብቻ የመጡ ነበሩ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ በእጄ የነበረው ግማሽ ትምህርት ነው፤ የዓመቱ ሥራ ዓይኔ እያየ ሊያመልጠኝ ነው። እትዬ ዘይነባ ለአራተኛ ጊዜ ሲመጡ ትዕግሥቴ አለቀ።

«እትዬ፣ ድሮ እኮ እንዲህ አይመጡም ነበር» አልኳቸው።

«ድሮማ ሥራ ነበረህ» አሉ።

«አሁንስ?»

«እንጃ ልጄ። ድምፅህ ጠፋ። ሁላችንም አዝነንልሃል።»

ለካ ግቢው በሙሉ ከሥራ የተባረርኩ መስሎት ሊያጽናናኝ ነበር የሚመላለሰው! ያ የረገምኩት ወፍጮ ቤት ለካ ዘበኛዬ ነበር። በየቀኑ እሪ ሲል «ሥራ ላይ ነው» እያለ ሰው ይመልስልኝ ኖሯል። እስቲ ራሳችሁን ታዘቡ። ብየዳ ቤት ገብታችሁ የሚበይደውን ሰው «ስልኬን እይልኝ» ትሉታላችሁ? አትሉም። ወረቀት ይዞ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ስታዩ ግን «እንደው ቁጭ ካልክ አይቀር» ትላላችሁ። እኛ ሥራን የምናውቀው በጆሯችን ነው። የሚያስብ ሰው የደከመው ይመስለናል፣ የሚያነብ ሰው ደግሞ ሥራ የፈታ።

አለቃ ሁለት ትርፍ ቀዳዳ ነበራት። ከድሮዎቹ ፋኖች አንዱን፣ ክንፉ የተሸረፈውን መረጥሁ፤ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከተትሁት፤ በረዥም ገመድ ከአለቃ ጋር አገናኝቼ በረንዳው ላይ፣ ከእኔ ሁለት በርና አንድ ፍራሽ አሻግሬ አስቀመጥሁት። ሙቀት አትለኪ፣ ዝም ብለሽ አስጩሂው አልኳት። ጣሳው ሲያጓራ ግቢው ረጭ አለ። እትዬ ዘይነባ ልጆቹን «ወደዚያ ሂዱ፣ ሥራ ጀምሯል» ሲሉ በመስኮት ሰማሁ። በድምፃቸው ውስጥ እውነተኛ ደስታ ነበር። ዓርብ ረፋድ ላይ ሦስቱም ትምህርት አለቀና ላክሁ። «ወፍጮ ቤቱ ተዘጋ?» ብለው ሥራውን ሰጡኝ።

እዚህ ላይ ባበቃ ጨዋ ሰው በመሰልኳችሁ ነበር። ግን በሚቀጥለው ሳምንት ምሳ በልቼ ከበድ ሲለኝ ጣሳውን አበራሁና ተኛሁ። ማንም አልቀሰቀሰኝም፤ እንዲያውም ሰው በረንዳዬን በእግር ጣቱ ነበር የሚያልፈው። በማግስቱም ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ዓይኔን ስገልጥ ባለቤቴ ሌሊሴ የሰባተኛ ክፍል የፈተና ወረቀት ታቅፋ ከራስጌዬ ቆማለች። የሳይንስ መምህርት ናት። ይመጣል ብዬ የፈራሁት ቁጣ አልመጣም።

«ይቺ ሣጥን ስንት ገመድ ትቀበላለች?» አለች።

«አምስት። አንድ ይተርፋታል።»

«እሱን ለእኔ አድርግልኝ። ከነጣሳው።»

«አንቺ ደግሞ ምን ያደርግልሻል? ወረቀት ለማረም ፀጥታ አይደል የሚያስፈልግሽ?»

«ትናንት ሳርም ስኳሩ የት ነው አልከኝ» አለች ረጋ ብላ። «ሸሚዜ ደርቋል ወይ አልከኝ። ከዚያ ስለ ሽንኩርት ያነበብከውን ቁጭ ብለሽ ስሚልኝ አልከኝ። ሰማሁልህ። ወረቀቱ ገና አላለቀም።»

አፈርኩ። ሦስቱንም አድርጌያለሁ፤ ያደረግሁት ደግሞ ሰው ሥራ አላሠራ አለኝ ብዬ ሳማርርባት ከከረምኩ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ነው። በዚያው ሰዓት ጣሳ ፈልጌ የእሷንም ገጠምኩላት፤ ሳሎኑ በር ሥር አስቀመጥነው። እሷ ጫጫታ ውስጥ ማረም ለምዳለች፤ ሰባ ተማሪ ያለው ክፍል ነው የምታስተምረው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሻይ አፈላሁና ስኳሩን አጣሁት። የሌሊሴ ጣሳ ያጓራል፤ ወደ ሳሎኑ በር እጄን ስሰድ ጋሽ ቶሎሳ ከግቢው ተጣሩ።

«ወዴት ነው? ሥራ ላይ ናት፤ ተዋት።»

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃት ነበር።»

ጋሽ ቶሎሳ በረንዳው ላይ ዝም ወዳለው የእኔ ጣሳ ተመለከቱ።

«እንደው ቁጭ ካልክ አይቀር» አሉ፣ «ና ይህን በርሜል ያዝልኝ።»

ሄጄ ያዝኩላቸው። ሻዩን ያለ ስኳር ጠጣሁት።