እታለምና ቀዩ መብራት

ሰው ማይክ ሲሞክር ይዋሻል። ክፉ ሆኖ አይደለም። «እስቲ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት በል» ስትሉት ሐኪም ፊት የቀረበ ይመስል ትሁት ይሆናል። ድምፁ ዝቅ፣ አንገቱ ሰበር። እናንተም አምናችሁት ማይኩን በዚያ ድምፅ ልክ ትከፍቱለታላችሁ። ቀረጻው ሲጀመር ታዲያ ከውስጡ ሌላ ሰው ይወጣል።

እኔ ሥራዬ ሂሳብ ነው። ቅዳሜና እሁድ ግን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፣ መኝታ ቤቴ ውስጥ መዝሙር እቀርጻለሁ። ስቱዲዮ ካላችሁት ስቱዲዮ ነው። ቁም ሳጥኑን ከነልብሱ እከፍትና ማይኩን ፊት ለፊቱ አቆማለሁ፤ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ እሰቅላለሁ። ልብስ ድምፅ ይውጣል ይባላል። የታክሲ ረዳት ግን አይውጥም። ስንቱ ቆንጆ መዝሙር መሀሉ ላይ «ጋርመንት! ጋርመንት!» የሚል አለበት መሰላችሁ?

ላፕቶፑ ላይ የድምፁን ከፍታ የሚያሳይ መብራት አለ። አረንጓዴ ከሆነ ሰላም ነው። ቢጫ ከሆነ ጠንቀቅ በሉ። ቀይ ከነካ አለቀ፣ ድምፁ ተሰነጠቀ ማለት ነው። በኋላ ቀንሼ አስተካክለዋለሁ ብትሉ ያው የተሰነጠቀውን ዝቅ አድርጋችሁ መስማት ነው እንጂ ስንጥቁ የትም አይሄድም። ስለዚህ ከላይ፣ እስከ ቀዩ ድረስ፣ ሁልጊዜ ቦታ ይተዋል። ይኸው ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። ግን እስቲ ለዘማሪ አስረዱ!

አንዴ አራት ጓደኛሞች ከመካኒሳ አቦ በኩል መጥተው ቀረጽኳቸው። ቀረጻው አልቆ ስናዳምጥ አንደኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ የእኔን ትንሽ ከፍ ብታደርገው አለኝ። ከፍ አደረግኩለት። ሁለተኛው የእኔ ጠፋብኝ አለ። እሱንም። ሦስተኛው ሲነሳ ገባኝ፤ አራቱም ከፍ ሲሉ እኮ ማንም ከፍ አላለም፣ ቀዩ መብራት ብቻ ነው የበራው። እናም ላፕቶፑ ላይ ምንም ድምፅ የሌለበትን ባዶ መስመር ይዤ፣ ግንባሬን ቋጠር አድርጌ፣ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ ገፋሁት። ሦስተኛው ዓይኑን ጨፍኖ «አሁን ገና!» አለ። አራተኛውም በዚያው በባዶው መስመር ተደስቶ ሄደ።

እታለምን ግን በባዶ መስመር አታታልሏትም።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ቶሎ ስላረፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ይኸው ፀጉሬ ሸብቶም «ማሙሽ» ነው የምትለኝ። አሁን እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ቀስ ብሎ ማውራት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ሀዋሳ ላለችው ጓደኛዋ ስትደውል ስልኩ ለወጉ ነው። በጸሎት ሰዓትማ አትጠይቁኝ። ከእኛ በታች ያሉት ጡረተኛው ጋሽ ተስፋዬ ሲመርራቸው የውሃ ቧንቧውን በማንኪያ ያንኳኳሉ፤ ድምፁ በቧንቧው በኩል ወደ ላይ ይመጣል። ያኔ እኔ «እታለም፣ ኧረ ቀንሺ» እላለሁ። እድሜዬን ሙሉ ይህን ስል ኖርኩ።

እንግዲህ አንገቷ ላይ እንቅርት ወጣና ሐኪሙ መቆረጥ አለበት አለ። ቦታው የድምፅ ነርቭ አጠገብ ስለሆነ ድምፅሽ ሊለወጥ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ እንደነበረው ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባም አላት። እሷ ዝም ስትል እኔ ፈራሁ። ኃይሌ ጋርመንት ታክሲ እስክንቀይር ድረስ ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ፦

«ማሙሽ፣ ያንን ማይክህን አውጣው» አለችኝ።

ራሷ የደረሰችው አንድ መዝሙር አላት። እናታችን ባረፈች ሰሞን እኔን ስታስተኛ የጀመረችው ነው። ተቀርጾ አያውቅም። ሰኞ ሆስፒታል ልትተኛ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቁም ሳጥኑ ፊት ቆመች።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» በይ አልኳት። ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አለችው። ማይኩን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ስንኝ ደህና ሄደ። አዝማቹ ላይ ስትደርስ ቀኝ እጇ ተነሳ፣ ዓይኗ ተጨፈነ፣ ቀዩ በራ። አበቃ።

ቀነስኩና ድገሚው አልኳት። ስንሞክር አሁንም ሹክሹክታ። ምነው ብላት ጋሽ ተስፋዬ ከሰዓት ጋደም ይላሉ አለችኝ። አይ እታለም! ስትሞክር ያዘነችላቸውን ሰውዬ አዝማቹ ላይ ረሳቻቸው። ቀይ።

እንግዲያው አዝማቹ ሲደርስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በይ አልኳት። እሺ አለች። ደረሰ፣ ወደ ፊት መጣች! አልፈርድባትም። ያደገችው የቤተ ክርስቲያን ማይክ ላይ ነው። እዚያ ማይኩ ደካማ ነው፣ ኪቦርዱ ጉልበተኛ ነው፤ መንፈስ ሲመጣ ማይኩን ልትጎርሱት ትደርሳላችሁ። በእሷና በማይኩ መሀል ወንበር አስቀመጥኩ፤ በወንበሩ ላይ ተንጠራርታ ደረሰችበት። ቀስ ብለሽ ዘምሪው ብላት ደግሞ ተቆጣች። ቀስ ብዬ የምዘምረው ምን ሆኜ ነው አለች። ይህን እንዳለች እጇ ወደ አንገቷ ሄደ።

ድምፅዋ መድከም ጀምሯል። ቢበዛ አንድ ጊዜ ነው የቀራት፤ እሷም አውቃለች። የምለካበት እውነተኛ ድምፅ ያስፈልገኛል፣ እሷ ደግሞ ለማይክ እውነቱን አትናገርም። ለማን ትናገራለች ታዲያ?

«እታለም፣ መሽቷል» አልኳት። «እኔ ሜዳው ላይ ኳስ እየተጫወትኩ ነው። ራቴ ቀርቧል። ጥሪኝ።»

መጀመሪያ አየችኝ። ከዚያ ደረቷን ሞላች።

«ማሙሽ!»

ቀዩ ብቻ አይደለም፣ ያለው መብራት ሁሉ በራ። የቁም ሳጥኑ መስቀያዎች ተንቀጫቀጩ። ከታች ቧንቧው ተንኳኳ። በቃ፣ የምፈልገው ይኸው ነው። ማይኩን ለዚያ ጥሪ ለካሁት፣ ከላይም ትንሽ ቦታ ጨመርኩለት። እስቲ በይ አልኳት።

የመዝሙሩ መግቢያ ድምፅ ላፕቶፑ ላይ ክር አክሎ ታየ። እንዳልከፍተው እጄን ቂጤ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት። አዝማቹ መጣ። እጇ ተነሳ። ወደ ፊት መጣች። መብራቱ ቢጫውን አልፎ ቀዩ ጥግ ደረሰና እዚያው ቆመ፤ አልነካውም። ስትጨርስ ዓይኔን የጠረግኩት በመስኮቱ ብርድ ልብስ ነው።

ሰኞ ተቆረጠላት፣ በደህና ወጣች። ለጊዜው እንዳታወራ ተከለከለች። ቤታችን ጸጥ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ የለመንኩት ጸጥታ እኮ ነው፤ ሲመጣ አስጠላኝ። ጋሽ ተስፋዬ ደረጃውን እያረፉ ወጥተው ምነው ድምፃችሁ ጠፋ፣ በሰላም ነው ወይ አሉ። ስነግራቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ወረዱ።

ከርሞ ከርሞ ድምፅዋ መጣ። ግን ቀጭን፣ ሻካራ፣ ከአፏ ብዙ የማይርቅ። ሐኪሙ ገና ነው፣ ታገሺ ብሏታል። አንድ ከሰዓት ያንን መዝሙር አሰማኝ አለች። ከፈትኩት። ቀረጻው ከጥሪው ጀምሮ እየሄደ ነበር፤ ፊቱን መቁረጥ ረስቼው ኖሮ ያ ጥሪ ቤቱን ሞላው። «ማሙሽ!» እኔ ደንግጬ «አቤት!» ብዬ ብድግ አልኩ። እታለም ሆዷን ይዛ ያለ ድምፅ ሳቀች።

መዝሙሩ ቀጠለ። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ሳቋ ቆመ። ብዙ አዳመጠች። ከዚያ በዚያች ቀጭን ድምፅ፦

«ይቺ ሴትዮ ምን ያስጮኻታል? ኧረ ቀንሳት» አለችኝ።

እጄ ለመቀነስ ሄደ። ልማድ ነው። ግን እንቢ አለኝ። የስፒከሩን ድምፅ ከፍ አደረግኩት። ትንሽ ቆይቶ ከታች ቧንቧው ተንኳኳ። እታለም አላልኩህም በሚል ዓይን አየችኝ።

«ቀዩ ገና ነው» አልኳት። «ከላይ ቦታ አለ።»