የሱፍ አበባዎቹ ጉዳይና የዕለቱ መስተንግዶ

የጤና ምርምር ድጋፍ ኮሚቴ መደበኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ። ስብሰባው የተጠራው ለሰኞ ነበር፤ ሰኞ ዕለት የክፍሉ ቁልፍ የያዘው ሰው ስላልተገኘ ለማግስቱ ተላልፏል።

ቦታ፦ የጽሕፈት ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ ጎረቤት መዋእለ ሕፃናት ግቢ የሚያየው የስብሰባ ክፍል።

የተገኙ፦
1. የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ ሰብሳቢ
2. የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው፣ አባል
3. የንብረት ክፍል ኃላፊው፣ በቅጽል ስማቸው «አይጥፋ»፣ አባል (የሰብሳቢው ሚስት ወንድም ናቸው፤ ይህ ከሹመታቸው ጋር እንደማይገናኝ ደጋግመው እንዲመዘገብ ጠይቀዋል)
4. ተመራማሪዋ፣ አባል
5. የመዋእለ ሕፃናቱ ርዕሰ መምህርት፣ ድምፅ የሌላቸው ተጋባዥ
6. የዚህ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ፣ ድምፅም አስተያየትም የሌለው

ምልዓተ ጉባኤ፦ ለውሳኔ አምስት ድምፅ ሰጪ መገኘት አለበት። የበጀት ክፍል ኃላፊው ባይመጡም ኮታቸው ከጠዋት ጀምሮ ወንበራቸው ላይ ተሰቅሎ ስለሚገኝ፣ በጽሕፈት ቤቱ የቆየ አሠራር መሠረት እንደተገኙ ተቆጥሮ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ከአጀንዳ በፊት

ሰብሳቢው የመስተንግዶ በጀት ካለቀ መቆየቱን አስታውሰው፣ እንደዚያም ሆኖ ሻይና ሁለት ሳህን የተቆላ ሱፍ በመቅረቡ የንብረት ክፍል ኃላፊውን በኮሚቴው ስም አመስግነዋል። ኃላፊውም «ወጪ የለውም፣ ካለን ላይ ነው» ብለዋል። በነጻ የቀረበ ነገር ከየት መጣህ ስለማይባል ማንም አልጠየቀም። ተመራማሪዋ በቀጥታ ከግቢው ስለመጡና እጃቸው አፈር ስለነበረ አልቀመሱም። ተጋባዥዋ ጋ ሳህኑ አልደረሰም። የቀሩት ቆርጥመዋል። ጸሐፊውም ቆርጥሟል።

አጀንዳ አንድ፦ የሱፍ አበባዎቹ ይነቀሉ ወይስ ይቁሙ

ተመራማሪዋ እንዳስረዱት፣ የመዋእለ ሕፃናቱ ግቢ ዱሮ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየተፈታ የሚቀልጥበት ቦታ ስለነበር አፈሩ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ቀርቷል። ልጅ አፈር ነክቶ እጁን አፉ ውስጥ ሲከት ብረቱ ደሙ ውስጥ ይገባል፤ ቀድሞ የሚጎዳውም አእምሮውን ነው። ይህ ከታወቀ ወዲህ ልጆቹ ኮሪደር ውስጥ እንዲቆዩ ተደርጎ ግቢው ላይ የሱፍ አበባ ተተከለ። ተክሉ ውሃ ሲጠጣ ብረቱንም አብሮ በሥሩ ይስባል። አሁን የሚስበውን ስቧል። ስለዚህ ከነሥሩ ተነቅሎና ታሽጎ ይወገድ፣ አፈሩም እንደገና ይለካ፤ እዚያው ከቆየ ቅጠሉ ረግፎ የሳበውን መልሶ ለአፈሩ ያስረክባል ብለዋል።

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በጣም ማዘናቸውን ገለጹ። አበባዎቹ ከሰው ቁመት በላይ ሆነው፣ ጽሕፈት ቤቱ ከተቋቋመ ጀምሮ እንዲህ የሚያምር ነገር ሠርቶ እንደማያውቅ፣ በመጪው ሳምንትም ከበላይ አካል እንግዶች ለጉብኝት እንደሚመጡ አስረድተው፣ «ባዶ አፈር ምን ብለን እናስጎበኛለን?» ሲሉ ጠይቀዋል። ቅጠሉ እንዳይረግፍ እያንዳንዱ በክር ከግንዱ ጋር ይታሰር የሚል ሐሳብም አቅርበዋል።

የንብረት ክፍል ኃላፊው በበኩላቸው፣ እርሳሱ አፈር ውስጥ ሳለ ቋሚ ንብረት እንደነበር፣ ተክሉ ውስጥ ሲገባ ግን ተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሆነ ያለ ደረሰኝ ከግቢ ሊወጣ እንደማይችል አሳስበዋል። ተመራማሪዋ መርዝ ነው ብለው ሲመልሱላቸው፣ መርዝም ቢሆን ቆጠራ አይቀርለትም ብለዋል።

ተመራማሪዋ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ከሥሩ ካልነቀልነው ልፋታችን ሁሉ ከንቱ ነው» አሉ። ሰብሳቢው ተረቱን ወደውት ለእንግዶቹ በሚደረገው ንግግር ውስጥ እንዲገባ አዘዋል።

ርዕሰ መምህርቷ እንዲናገሩ ሲፈቀድላቸው፣ ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱት ኮሪደር ውስጥ በወንበር ሥር እያንከባለሉ መሆኑን፣ ጎረቤት ቢሮዎች ስለሚቆጡም በካልሲ ብቻ እንደሚሮጡ፣ አንዳንዶቹም ፀሐይ ለማየት መስኮት ላይ ተራ እንደሚጠብቁ ተናግረው «እስከ መቼ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው «እትዬ፣ ትንሽ ታገሱን። ልጅ የትም ይጫወታል» ሲሉ አጽናንተዋቸዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ አበባዎቹ እንዲቆሙ፣ ክርም በጨረታ እንዲገዛ በሦስት ድምፅ ድጋፍ በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል። ኮቱ ድምፀ ተአቅቦ አድርጓል።

አጀንዳ ሁለት፦ የልጆቹ የደም ምርመራ

ይህን ያቀረቡት ርዕሰ መምህርቷ ናቸው። አምና መዝሙሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብቻዋን ትዘምር የነበረች አንዲት ልጅ ዘንድሮ መሐል ላይ እንደምትቆም፣ ቀጥሎ ያለውን ስንኝ ለማግኘትም የጓደኞቿን አፍ እንደምታይ ነገሩን። እናቷ በየማታው አብራት ታጠናለች፤ ጠዋት ግን ያጠናችው የለም። እውነቱ ይታወቅ ዘንድ ልጆቹ ሁሉ ይመርመሩ ብለው ለመኑ። «ለመኑ» የሚለው ቃል የጸሐፊው ነው፤ እሳቸው ያሉት «እጠይቃለሁ» ነው፣ ሲሉ ያየ ግን ይመሰክራል።

ሰብሳቢው «ልጅ ይረሳል» አሉ። ይህ እንዲመዘገብ ተጋባዥዋ ስለጠየቁ ተመዝግቧል።

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው እንግዳ ሊመጣ ሲል መርፌ ማሰለፍ ሰው እንደሚያስደነግጥ ገለጹ። ሰብሳቢው ወደ ተመራማሪዋ ዞረው፣ በልጆቹ ደም ውስጥ እርሳስ አለ ወይስ የለም፣ በአጭሩ እንዲመልሱላቸው ጠየቁ። ተመራማሪዋ ሳይለካ ማወቅ እንደማይቻል መለሱ።

ሰብሳቢው «ስለዚህ የለም ማለት ነው» አሉ።

ተመራማሪዋ «ጋሼ፣ አልታወቀም ማለትና የለም ማለት ለየቅል ናቸው» አሉ።

ሰብሳቢው ኮሚቴው የቋንቋ ትምህርት ቤት አለመሆኑን አስታወሱ። በዚህ መሐል ሳህኖቹ ባዶ ስለሆኑ በድጋሚ ተሞልተዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ «ያልታወቀ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል» የሚለው መርሕ ጸድቆ ምርመራው ለሌላ በጀት ዓመት ተላልፏል። ተመራማሪዋ ልዩነታቸው እንዲያዝ ጠይቀው ተይዟል። ኮቱ አሁንም ድምፀ ተአቅቦ አድርጓል።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

ተመራማሪዋ አንድ አቤቱታ አቀረቡ። ፍሬያቸው ምን ያህል ብረት እንደያዘ ለመለካት ወፍ እንዳይበላቸው በነጭ ጨርቅ ሸፍነዋቸው የነበሩት ትልልቆቹ አበባዎች አንገታቸው ተቆርጦ ተወስዷል። ጨርቁ ታጥቦ አጥር ላይ ተሰጥቶ ተገኝቷል።

ሰብሳቢው ክፉኛ ተቆጡ። የምርምር ንብረት በጠራራ ፀሐይ መሰረቁ ለጽሕፈት ቤቱ ውርደት መሆኑን ገልጸው፣ የጥበቃ ሠራተኛው ከሥራ እንዲታገድ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ወደ ድምፅ ሊቀርብ ሲል የንብረት ክፍል ኃላፊው እጃቸውን አነሱ።

ኃላፊው እንዳስረዱት ስርቆት የለም። አበባዎቹ ደርቀው ፍሬያቸው መሬት ላይ ሊበተን ሲል አይተው፣ አይጥፋ ብለው፣ በደንቡ መሠረት ገቢ አድርገዋል። ጨርቁንም ያሳጠቡት እሳቸው ናቸው። የመስተንግዶ በጀት ስለሌለም ፍሬውን በወጪ ደረሰኝ ለሻይ ክፍል አስረክበዋል፤ እዚያም ተቆልቷል። አሁን የት እንዳለ ሲጠየቁ ወደ ጠረጴዛው ጠቆሙ።

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በእጃቸው የያዙትን ሳህኑ ላይ መለሱ። ሰብሳቢው በአፋቸው የነበረውን በመሐረብ ተቀበሉ። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ ምላሱን መረመረ፤ ምንም አላገኘም።

ሰብሳቢው ፍሬው እርሳስ አለው ወይስ የለውም፣ በአጭሩ ሲሉ ጠየቁ። ተመራማሪዋ አብዛኛው ሥሩ ላይ እንደሚቀር፣ ጥቂት ወደ ቅጠሉ እንደሚወጣ፣ ፍሬው ላይ የሚደርሰው ከሁሉ ያነሰ እንደሚሆን፣ ያነሰው ምን ያህል እንደሆነ ግን ሳይለካ ማወቅ እንደማይቻል መለሱ።

ሰብሳቢው «ሳይለካ ማወቅ ካልተቻለማ አለ ማለት ነው እንጂ!» አሉ።

ወደሚቀጥለው ነጥብ እንለፍ ብለው ወረቀታቸውን ቢያዩም ነጥቡ ምን እንደነበር ጠፋቸው። ፊታቸው ላይ ላብ ታየ። መርሳት የዚህ ነገር ምልክት ይሆን እንደሆነ ተመራማሪዋን በዝግታ ጠየቁ። ተመራማሪዋ በአንድ ከሰዓት የሚመጣ ነገር አይደለም ብለው አረጋጓቸው። በዚህ ጊዜ ርዕሰ መምህርቷ የአጀንዳ ሁለት ውሳኔ እንዲነበብ ጠየቁ። ተጋባዥ ይህን የመጠየቅ መብት አላት ወይ የሚል ጥያቄ ቢነሳም ጸሐፊው አንብቦ ጨርሶ ነበር፦ «ያልታወቀ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል»። ከፍ ብሎ ያለውንም፣ «ልጅ ይረሳል» የሚለውን፣ አነበበ።

ሰብሳቢው «ያ እኮ ስለ ልጆቹ ነው» አሉ።

ያሉትን ራሳቸው የሰሙት ካሉት በኋላ ይመስላል። ከጎረቤት ኮሪደር የልጆቹ መዝሙር ይሰማ ነበር።

ርዕሰ መምህርቷ «ጋሼ፣ እርስዎ የቀመሱት ከአንድ ሳህን ነው፤ ያውም ይህን ያህል ደነገጡ። እኔ አልፈርድብዎትም። እነሱ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ አፈር ላይ ሲወድቁ ሲነሱ፣ በዚያው እጃቸው ምሳቸውን ሲበሉ ነው የኖሩት። ሂዱ ተጫወቱ እያልኩ የማስወጣቸው እኔ ነበርኩ» አሉ። በቃለ ጉባኤ ላይ ማፈር ለጸሐፊ ባይፈቀድም ጸሐፊው አፍሯል።

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው የኮሚቴው አባላት ዛሬውኑ ቀድመው እንዲመረመሩ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ሰብሳቢው «ተወኝ ወንድሜ፣ በልጅ ፊት አልሰለፍም» አሉ። ለሌላ በጀት ዓመት ተላልፎ የነበረው የምርመራ ወጪም ከእንግዳ አቀባበል በጀት ላይ ወዲያው ተገኝቷል። ከአጭር ውይይት በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ኮቱ ደግፏል።

የመጨረሻ ውሳኔ

በዚህ ስብሰባ ላይ ከዚህ በፊት የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። አበባዎቹ ዛሬ ከነሥራቸው ይነቀላሉ፤ እንግዶቹ ባዶውን አፈር አይተው ለምን ባዶ እንደሆነ ይነገራቸዋል። የክሩ ጨረታ ቀርቷል። «ያልታወቀ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል» የሚለው ተሰርዞ «ያልታወቀ ይለካል» በሚለው ተተክቷል። ከአጀንዳ በፊት ለንብረት ክፍል ኃላፊው የቀረበው ምስጋና ተነሥቷል። በሳህኖቹ የቀረው ሱፍና በጠረጴዛው ላይ ያለው ገለባ የምርምር ናሙና ስለሆነ ማንም እንዳይጥለው፤ የንብረት ክፍል ኃላፊው ለገለባው ደረሰኝ ጠይቀው ተሰጥቷቸዋል።

ልጆቹ በሙሉ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ይመረመራሉ። የኮሚቴው አባላት ከመጨረሻው ልጅ በኋላ ይሰለፋሉ። ጸሐፊው ከንብረት ክፍል ኃላፊው ቀጥሎ ነው።

ስብሰባው አባላቱ ጓንትና አካፋ ለመውሰድ ወደ ንብረት ክፍል ስለወረዱ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ተበትኗል። ሰብሳቢው ከደረጃው ተመልሰው፣ ከሰልፉ ፊት መዝሙሩን የረሳችው ልጅ እንድትቆም፣ ይህም እንዳይረሳ ሁለት ጊዜ እንዲጻፍ አዘዋል።

ልጅቷ ትቅደም።

ልጅቷ ትቅደም።