የሰኞ ገበያው ክቡር አምባሳደር

ደሴ ውስጥ አምባሳደር የሌለው ሻይ ቤት የለም። የሾመው መንግሥት ስለሌለ የሚሽረውም አይገኝም። ሰኞ ገበያ ሰፈር ላለው ለጣይባ ሻይ ቤት የደረሱት ክቡር ጋሽ አራጋው ናቸው፤ ከወሎ ወጥተው አያውቁም፣ የዓለምን ድንበር ግን እሳቸው ያሰመሩት ይመስላቸዋል።

ባሕር ማዶ ያሉ ሁለት ጎረቤታም አገሮች ሚሳኤል መወራወር ከጀመሩ ወዲህ የትኛው አስታራቂ የት ሆቴል እንዳረፈ ሳይቀር ይተነትናሉ። «እኔን ቢልኩኝ» ይላሉ ብርጭቋቸውን እያንኳኩ፣ «ያንድ ቀን ሥራ ነበር!»

ጣይባ ሻይ መቅዳቷን ትቀጥላለች። ልጇ ፋኢዛ ከሁለቱ ባንደኛው አገር የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። ለደንበኛው ወሬ የሆነው ለእሷ የልጇ ነፍስ ነው። አንዳንዴ ጋሽ አራጋውን በማንቆርቆሪያው ብትላቸው ደስ ባላት።

አንድ ረፋድ ፋኢዛ ደወለች። ማዳሟ በሩን ከውጭ ቆልፋባት ከነልጆቿ ሸሽታለች። «እማ፣ መስኮቱ ረግፏል። የምጠጣው ውሃም የለ።»

በዚያው ሰዓት ቴሌቪዥኑ አስታራቂ መልእክተኞቹን ያሳያል። ጥልቅ ስጋታቸውን ገልጸው ወደ ግብዣ ይገባሉ።

«ይበላሉ እኮ!» አሉ ጋሽ አራጋው። «ደሙ ሳይደርቅ ይበላሉ! ሽማግሌ እሺ ሳይባል እህል ይቀምሳል? ይቀመጣል?»

«ኧረ ይተዉኝ ጋሽ አራጋው! ወላሂ፣ ልጄ የተቆለፈባት በር በርስዎ ምላስ አይከፈትም!»

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ከዚያ «የላካት ደላላ ማነው?» ብለው ጠየቁ።

«ሙባረክ። ኮምቦልቻ ነው ቤቱ።»

ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

ሙባረክ ደጁ ላይ ቆመው አገኛቸው። ወንበር አመጣ፤ እምቢ አሉ። ውሃ አመጣ፤ አልቀመሱም።

«አባባ፣ እዚያ ጦርነት ነው! እኔ ምን ላድርግ?»

«የማዳሟ ስልክ አለህ። ደውል።»

«አታነሳማ!»

«እንግዲያው እቆማለሁ።»

ሽማግሌን ደጁ ላይ ገትሮ የሚያውል ሰው ወሎ ውስጥ ስም አይተርፈውም። ከዙህር ሶላት የወጡት ሰዎች ጉዳዩን ጠይቀው አጠገባቸው ቆሙ። ሙባረክ ግንባሩን እየጠረገ ደወለ፣ ደግሞ ደወለ፣ ለማዳሟ ዘመድ ሁሉ ደወለ። የዐስር ሶላት ሳይደርስ የማዳሟ ወንድም ሄዶ በሩን ከፈተ።

ፋኢዛ ከሌሎች ሀበሾች ጋር ምድር ቤት ተጠልላ ለእናቷ ደወለች። ተርፋለች፤ ተኩሱ ግን አልቆመም።

ጋሽ አራጋው እግራቸው አብጦ ተመለሱ። ጣይባ የምትቀመጥበትን ዱካ አቀረበችላቸው፣ «አረፍ ይበሉ፣ አላህ ያቆይልኝ» ብላ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ለስላሳ ሶፋ ላይ ሰምጠው ፈገግ ወደሚሉት መልእክተኞች ዞራ የእጅ ፎጣዋን ወረወረችባቸው።

«ተነሡ!» ብላ ጮኸች። «ማን ተቀመጡ አላችሁ?»