የአራተኛ ፎቋ ሲስተርና የቀይ ሥር ቺፕሳቸው

ሰው ተደራርቦ በሚኖርበት ሕንፃ ሁሉ ማንም ያልሾመው አንድ የጤና ሚኒስትር አይጠፋም። ቢሮው ደረጃው ላይ ነው። ጸሐፊም መኪናም የለውም፤ ሥልጣኑ ግን ጓዳችሁ ድረስ ይዘልቃል። በፌስታል ምን ይዛችሁ እንደምትገቡ ያያል፣ ደረጃ ስትወጡ ስንት ጊዜ እንደምታርፉ ይቆጥራል፣ ደህና የዋለውን ሰው «ዛሬ ፊትህ ልክ አይደለም» ብሎ ታሞ እንዲያድር ያደርገዋል። ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። አናውቀውም ካላችሁ ሰውየው እናንተ ናችሁ።

የእኛ ሕንፃ ሚኒስትር ክብርት ሲስተር ናቸው። አርባ ዓመት በነርስነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል፤ ጡረታ መውጣታቸውን ግን እስካሁን የነገራቸው ያለ አይመስለኝም። ከእኛ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። አንዲት ልጃቸው ሌላ ከተማ ናት። የአባታቸውን ስም ቀርቶ የራሳቸውን እንኳ የሚያውቅ የለም፤ ከጥበቃው ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ፎቁ ልብስ ሰፊ ድረስ ሁላችንም «ሲስተር» ነው የምንላቸው።

እኔ ደግሞ ተቀምጦ በመጻፍ የሚተዳደር ሰው ነኝ። እጄ ሲጽፍ አፌ ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ አፍ ምን እንደሚፈልግ የታወቀ ነው። በዘይት የተጠበሰ፣ ጨው የተነሰነሰበት፣ ከላስቲኩ ሲወጣ ቀጭ ቀጭ የሚል የድንች ቺፕስ። ከሦስት ዓመት በፊት ሐኪም ግፊቴ ከፍ ማለቱን ነግሮኝ ጨውና ዘይት እንድቀንስ አዘዘኝ። ነገሩን ለባለቤቴ ብቻ አወራሁና ለማንም እንዳትናገር አስማልኳት። ቃሏን ጠበቀች፤ ለማንም አልተናገረችም። ለሲስተር ብቻ ነገረቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። ስከፍት ሲስተር የግፊት መለኪያቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዘው ቆመዋል። ጨርቁ ሲገለጥ የተጨማደደ ቀይ ነገር፣ የተጨማደደ ቢጫ ነገር፣ እንዲሁም ከመጨማደድ አልፎ ተስፋ የቆረጠ አረንጓዴ ነገር አየሁ። ቀይ ሥር፣ ካሮትና ጎመን ነበሩ፤ ሲስተር ግን ቺፕስ አሏቸው። አንዱን አፌ ውስጥ ከተትኩ። መሬት መሬት ይላል። እሳቸው ፊቴን እያዩ ስለ ነበር ለይሉኝታ «ጥሩ ነው» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማክሰኞና ዓርብ፣ ዝናብ ዘነበ ፀሐይ ወጣ፣ ሳህኑ ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም።

ቺፕሱ ብቻውን ቢመጣ ኖሮ እችለው ነበር። አብሮት ስብከት ይመጣል። «ድንች ዘይት ጠጥቶ አያውቅም፤ ያስተማርነው እኛ ነን» ይላሉ። ይህችን አባባል ደረጃ ላይ፣ በረንዳ ላይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለቅሶ ቤት ሰምቻታለሁ። ልብስ ሰፊው በካሮት ቺፕሳቸው ሰው ሠራሽ ጥርሱ ተሰንጥቆ ሲያሳያቸው፣ ጥርሱን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዙረው አዩና ድሮም ደካማ ጥርስ እንደ ነበር ነገሩት። አንድ ቀን ሹልክ ብዬ ታች ሱቅ ወረድኩና የለመድኩትን ላስቲክ ጠየቅሁ። ባለሱቁ ጣሪያውን እያየ «ሲስተር ከልክለዋል» አለኝ። ሁለት መንገድ ተሻግሬ ከሌላ ሱቅ ገዛሁ፤ እዚያው ቆሜ መብላት ሲገባኝ ቤት ይዤው ገባሁ። በነጋታው ሲስተር ባዶ ላስቲኩን ከቆሻሻው ቅርጫት አውጥተው፣ በሳሙና አጥበው፣ አድርቀው፣ እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ በሬ ላይ ለጥፈውት አገኘሁ። ደረጃ ላይ ስንገናኝም «የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» ብለውኝ አለፉ። ሞኙ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ከዚያም ሌላ ሐሳብ መጣላቸው፤ እሳቸው በሌሉበት ጊዜ እንዳልጠፋ ራሴ መሥራት መማር አለብኝ። አንድ ቅዳሜ ቢላቸውን ይዘው ወጥ ቤታችንን ተረከቡት። ካሮቱን እንዴት እንደሚያሳሱት ዛሬም አይገባኝም። አንዱን ቁራጭ አነሡና ጋዜጣ ላይ፣ ያውም የእኔው ጽሑፍ ላይ፣ አስቀምጠው በውስጡ ማንበብ ጀመሩ። «በካሮት ውስጥ ሳነበው ይሻላል» አሉኝ። ቀጥሎ የተቆረጠውን አጥበው በንጹህ ፎጣ እየጫኑ አደረቁት፤ ውሃ ያለው ነገር ይቀቀላል እንጂ አይደርቅም አሉ። አንዲት ማንኪያ ዘይት አፍስሰው፣ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት፣ ቁንዶ በርበሬና የተፈቀፈቀ የሎሚ ልጣጭ ጨምረው በእጃቸው አሹት። ትሪው ላይ ሲደረድሩ አንዱ ሌላውን እንዳይነካ እንደ ፈተና ተማሪ አራራቋቸው። የኦቭኑን እሳት ከዝቅተኛው ላይ አድርገው፣ ቁጭ ብዬ እንድጠብቅና እንዳልነካው አስጠንቅቀውኝ ወደ ቤታቸው ወጡ።

ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ። ከዚያ ማን ያየኛል ብዬ እሳቱን ከፍ አደረግሁት። ጭሱ ከመስኮት ሲወጣ ያዩ ጎረቤቶች ሕንፃውን ለቀው ወረዱ፤ ልብስ ሰፊው ግማሹ የተሰፋ ሱሪ ታቅፎ ነበር። ሲስተር መጥተው መስኮት ከፈቱ፣ ኦቭኑን አጠፉ፣ ትሪው ላይ የቀረውን ከሰል አዩና ለተሰበሰበው ሕዝብ ጥፋቱ የኦቭኑ ሳይሆን የሰውየው ጠባይ መሆኑን አስረዱ። ለአንድ ወር ያህል ደረጃ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ቺፕሱስ እንዴት ነው?» ይለኝ ነበር።

እንዲህ ስንናደድና ስንበላ ሦስት ዓመት ሞላ። ዘንድሮ ግን ቺፕሱ ተበላሸ። ወትሮ ብርሃን ያሳልፍ የነበረው ቁራጭ እንደ ካፖርት ቁልፍ ወፈረ። ዳሩ አሯል፣ መሐሉ ጥሬ ነው። አንዴ ያልተላጠ፣ አንዴ አፈሩ ያልለቀቀው ይመጣል። ባለቤቴ ሰው እኮ ይደክመዋል እያለች ታባብለኛለች። አንድ ዓርብ የመጣው ግን ጨው ብቻ ነበር፤ ጨው አትቅመስ ብለው ሦስት ዓመት የገዘቱኝ ሴትዮ፣ ምላስ የሚያቃጥል ጨው። ትዕግሥቴ አለቀ።

«ሲስተር፣ የሚያወርዱት ግፊቴን ነው ወይስ እኔን ወደ መቃብር?» አልኳቸው።

ሳህኑን ከእጄ ተቀብለው፣ የደረጃውን ብረት ይዘው፣ አንድ በአንድ እየረገጡ ወጡ። እኔም በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን አስያዝኳቸው ብዬ ደስ አለኝ። ዛሬ ሳስበው ከጨው በላይ ያቃጥለኛል።

በተከታዩ ማክሰኞ ያለ ሳህን መጡ። ግፊቴን ሊለኩ ነው። ክንዴን አስረው ነፉ፤ መለኪያውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ ደግመው ነፉ። በመጨረሻም መቶ ዘጠና ነው አሉና ባለቤቴን ቶሎ አልብሺውና ክሊኒክ ውሰጂው አሏት። ታክሲ ውስጥ ስንት ሰው እንዳስቀየምኩ እየቆጠርኩ፣ ከነሱ ስንቱን ይቅርታ ለመጠየቅ ጊዜ እንደሚኖረኝ እያሰላሁ ሄድኩ። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ለካኝ። መቶ ሠላሳ አምስት። ማን እንደለካኝ ጠየቀኝ፤ እኔ ግን ከአልጋው ወርጄ ጫማዬን እየፈለግሁ ነበር። በነፍሴ ተቀለደብኝ ብዬ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

ቤት ስደርስ ባለቤቴን በራችን ላይ ትቼ ቀጥታ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ነገሩን ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ልጨርስ ነው። በራቸው ቀን ቀን አይቆለፍም፤ ገባሁ። ሲስተር ወጥ ቤታቸው መስኮት አጠገብ ቆመዋል። ቢላቸውን እንደ ያዙ የቀይ ሥር ቁራጭ ወደ ብርሃኑ አንሥተው ውፍረቱን በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ። የግራ እጃቸው ሦስት ጣቶች በፕላስተር ታሽገዋል። እርምጃዬን ሲሰሙ ወደ እኔ ዞሩ። በመሐላችን ሁለት እርምጃ ቢኖር ነው።

«ማነው?» አሉ።

ያን ሁሉ ንዴት የት እንዳደረስኩት አላውቅም። እኔ መሆኔን ነገርኳቸውና ቢላውን ቀስ ብዬ ከእጃቸው ወሰድኩ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ነገሩኝ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ሞራ እንዳለ ከታወቀ ዓመት አልፎታል። ሐኪሙ ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው ብሎ ቀጠሮ ሰጥቷቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ሦስት ጊዜ ቀጠሮውን አሳልፈዋል። ለልጃቸውም አልነገሯት። እሳቸውን የሚያህል ነርስ ከቀላል ሕክምና ለምን እንደሚሸሽ ጠየቅኋቸው።

«አርባ ዓመት የሰው እጅ ይዤ ‹አይዞህ፣ ምንም አይሰማህም› ስል ኖሬአለሁ» አሉኝ። «ውሸት መሆኑን የማውቀው እኔ ነኛ።»

ስለ መቶ ዘጠናውም ሳልጠይቅ ነገሩኝ። የመለኪያው መርፌ አልታይ ብሏቸው ነበር። «ዝቅ አድርጌ ከምሳሳት ከፍ አድርጌ ልሳሳት አልኩ። ከፍ ካልኩህ ሐኪም ጋ ትሄዳለህ፤ ዝቅ ካልኩህ ትተኛለህ።»

በማግስቱ ጠዋት በአንድ ሰዓት በራቸውን አንኳኳሁ። ቀጠሮ ያዙ ወይ አልኩ። አልያዙም። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ደረጃ ላይ ባገኛቸው፣ ታች ሱቅ ባገኛቸው ከቀጠሮ ሌላ ወሬ የለኝም። ባለቤቴ በበኩሏ ለልጃቸው ስልክ ደወለች፤ ልጅቱም ከዚያኛው ከተማ በየምሽቱ ትጨቀጭቃቸው ጀመር። በዘጠነኛው ቀን አንተ ሰው አይደለህም፣ መዥገር ነህ አሉኝና፣ እኔን ለመገላገል ብቻ መሆኑን አስረግጠው፣ ቀጠሮ ያዙ።

ልጃቸው ልትደርስ የምትችለው በማግስቱ ስለ ነበር በዕለቱ አብሬያቸው የገባሁት እኔ ነኝ። የሆስፒታሉን ቀሚስ ለብሰው አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ አንሰው ታዩኝ። እጄን ፈልገው አንጓዬ ላይ አጥብቀው ያዙኝ። ፈርተው ነው ብዬ አሰብኩ። ለካ የልብ ምቴን እየቆጠሩ ነው።

«ዘጠና ስምንት» አሉ። «የምትፈራው አንተ ነህ።»

ቆጥረው ከጨረሱ በኋላ ግን እጄን አልለቀቁም። አንዲት ልጅ እግር ነርስ መጥታ «አይዞዎት እማማ፣ ምንም አይሰማዎትም» አለቻቸው። ሲስተር ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። ነርሷ ደግፋ እስክታስነሣቸው ድረስ እንደ ያዙኝ ነበሩ።

የመጀመሪያው ዓይን በሰላም አለቀ። ሐኪሙ ማጎንበስ፣ እሳትና ጭስ ለጥቂት ሳምንታት ከለከላቸው። ልጃቸው አምስት ቀን አስታማ ወደ ሥራዋ ስትመለስ፣ ቀን ቀን እኛ ቤት እንዲውሉ ተስማማን። በዚህ የተስማማው ሰው ምን ነክቶት እንደ ነበር አላውቅም። ዓይናቸውን ተሸፍነው ወጥ ቤታችን ውስጥ ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ፤ የሚቆርጠው፣ የሚያደርቀው፣ የሚያሸው እኔ። ፎጣው ረጥቧል ብለው ያስቀይሩኛል፣ ቢላው ደንዟል ብለው ያስሞርዱኛል። የደረሰ ሲመስለኝ አንዱን አንሥቼ አሳያቸዋለሁ። ያልታከመው ዓይናቸውም ገና ሞራ ስላለበት ጆሯቸው አጠገብ አቅርቤ እንድሰብረው ያዙኛል። እሰብረዋለሁ። ያዳምጡና «ውሃ አለው፤ መልሰው» ይላሉ።

አራት ጊዜ መለስኩት። ከሰዓት በኋላው አለቀ፤ ልጽፈው የሚገባ ጽሑፍ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቀኛል። እሳቱን ከፍ ለማድረግ እጄ ስንት ጊዜ እንደ ተዘረጋ እኔ አውቃለሁ፤ እሳቸውም ሳያዩ የሚያውቁ ይመስለኛል። በአምስተኛው ጆሯቸው አጠገብ ስሰብረው ቀጭ አለ። ሲስተር ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ይሄኛው ደርሷል» አሉ።

ሳህኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ፣ ለእኔ አንድም ሳያስተርፉ ጨረሱት። ነጭ ሽንኩርቱ እንደ በዛ፣ ሎሚው እንደ አነሰ፣ ሦስቱ ቁራጮች እንደ ወፈሩ ዘረዘሩልኝ። ከዚያ እጃቸውን አራግፈው ነገ ቀይ ሥር ነው የምንሠራው፣ ከገበያ ስትመርጥ ትንንሹን ምረጥ፣ ትልቁ እንጨት ነው ብለው አዘዙኝ። እኔም ሥራ ፈት መሰልኳቸው ወይ እያልኩ፣ እያጉረመረምኩ፣ እጃቸውን ይዤ ደረጃውን አወጣኋቸው።

የዚያኑ ዕለት ጠዋት ገበያ ሄጄ ቀይ ሥሩን ገዝቼው እንደ ነበር አልነገርኳቸውም። ትንንሹን ነው የመረጥኩት።