ጉርሻ በእንግሊዝ ወግ

ዛሬ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት የሠራሁትን ጉድ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ራሴ ልንገራችሁ።

እንግሊዛዊት ሴት ልታጎርሰኝ እጇን ዘረጋች። እኔ፣ ሐበሻዋ፣ "ኖ፣ ታንክ ዩ" አልኳት!

ሹካና ቢላ ይዤ። በያይነቱ ፊት!

ከመፍረዳችሁ በፊት ስሙኝ።

ልጄ ሳራ እንግሊዛዊ ልታገባ ነው። እናቱ ማርጋሬት ከአገሯ መጥታ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሳራ ጋር ሦስታችን ምሳ ልንበላ ተቀጣጠርን። "የሳራ እናት ምን ዓይነት ሰው ናት?" ተብሎ የሚወራው ከዚህች ምሳ ተነስቶ ነው።

አልፈራሁም ግን። እንግሊዝን ተምሬያታለኋ!

ፊደል የቆጠርኩት ከወለድኩ በኋላ ነው፤ የማታ ተማሪ ነበርኩ። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን እንግሊዝ አገርን በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ ወጓን ግን አንድ በአንድ ያስጠኑን ነበር። እንግሊዝ ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ አየሩ ነው። ደሞዝ አይጠይቅም። ከሰው እጅ አይበላም። አተር ሲበላ ደግሞ ሹካውን ደፍቶ፣ አተሩን በሹካው ጀርባ ላይ ጨፍልቆ ነው።

ሹካ ማን ነበረው? በእርሳስ ተለማመድን! ከሥራ የመጣን ትልልቅ ሰዎች፣ ንፍሮ በእርሳስ ላይ ልናስቀምጥ ስንታገል ይታያችሁ። አንዱ ባቄላ ተፈናጥሮ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሲያርፍ አስተማሪያችን ራሳቸው በሳቅ አለቀሱ።

እንደዚያ የሳቅኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሶ፣ ዛሬ ማርጋሬት ገና ከመቀመጧ "ቀኑ እንዴት ደስ ይላል!" አልኳት።

"እዚህ ሁልጊዜ እንደዚህ አይደለም እንዴ?"

ሎስ አንጀለስ ላይ ያ ጨዋታ እዚያው አለቀ።

አስተናጋጇን ሹካና ቢላ አምጪልን አልኳት።

"እትዬ፣ ለእንግዳዋ ነው አይደል?"

"ለሁለታችንም።"

ቅንድቧን ሰቅላ ሄደች።

ማርጋሬት ሹካውን ገፋ አድርጋ እጇን ታጥባ መጣች። ለካ ልጇ ሲያሠለጥናት ከርሟል! እኔ ክክ አልጫውን በሹካ ጀርባ ስጨፈልቅ (ክክስ አተር አይደለም እንዴ?) እሷ ጠቅልላ ዘረጋችልኝ። ደነገጥኩ። አፌ የተማረውን ተናገረ።

"ኖ፣ ታንክ ዩ!"

ከጎናችን ጠረጴዛ ምሳ የሚበሉ አንድ ጋሼ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። "ወይ ጉድ! ፈረንጇ ስታጎርስ ሐበሻዋ እምቢ?"

ሳራ በጠረጴዛ ሥር ረገጠችኝ። "እማዬ!"

ማርጋሬት ፊቷ ቲማቲም መሰለ። "አጠፋሁ እንዴ?"

ምን ላድርግ? ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ የማታውን ክፍል፣ ንፍሮውን፣ እርሳሱን። ሳትስቅ ሹካዬን ትክ ብላ አየች።

"አያቴ እንደዚህ ነበር የምትበላው" አለች ቀስ ብላ። "እሷ ከሞተች ወዲህ እንደዚህ የሚበላ ሰው አላየሁም።"

ዓይኗ እንባ አቀረረ። የኔም።

ከዚያ እንደገና ጠቀለለች። "አሁንስ?"

ጎረስኩ!

"ድገሚያት!" አሉ ጋሼ ከወዲያ። "አንድ ጉርሻ ያጣላል!" ሳራ ተረጎመችላት፤ ማርጋሬትም ላለመጣላት ብላ እስኪያንቀኝ አጎረሰችኝ።

ትምህርቱ? የሰው አገር ወግ ስታጠኑ፣ የየትኛው ዘመን ወግ እንደሆነ አጣሩ።

አስተማሪዬ ግን አልተሳሳቱም። ያቺን አያት በሕይወት ባገኛት ኖሮ፣ እመኑኝ፣ ዛሬ አንደኛ እወጣ ነበር!